ዘመድ ያለበት ገደል

ሀብተ ጊዮርጊስ ገደል መውጣት የጀመረው በልደት ግብዣ ላይ ነው። የልጁ የኖላዊት የክፍል ጓደኛ ልደቷን ያከበረችው አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ ሶዶ በሚባለው ሰፈር፣ ድሮ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነበር። አሁን ግድግዳው ሁሉ ባለቀለም የፕላስቲክ ድንጋይ ተለጥፎበት ሰው እንደ እንሽላሊት ይንጠላጠልበታል። ሌሎቹ አባቶች ጥግ ይዘው ስልካቸውን ሲነካኩ እሱ ጫማ ተከራየና አንዱን ግድግዳ እስከ ጫፉ ወጣ። ግድግዳው ለሕፃናት የተሠራ ነበር። ይህን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አይሰማም ነበር። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ራሱን ገደል ወጪ ብሎ መጥራት ጀመረ።

ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሆዱ ቀበቶውን መጫን የጀመረ፣ እንግዶችን ከኤርፖርት ወደየሆቴላቸው የሚያመላልስ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሥራው አይከፋም፤ መጠበቅ ይበዛበታል እንጂ። ሲጠብቅ ስልኩን ይከፍታል፤ ስልኩ ውስጥ ደግሞ የዓለም ገደል ሁሉ አለ። እንዲህ እየጠበቀ የገደሎቹን ስም፣ የድንጋዩን ዓይነት፣ የትኛው ጫማ ለየትኛው ድንጋይ እንደሚሆን አጠና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዳቦ የያዘ ሰው ካገኘ፣ ዳቦው እስኪያልቅ ድረስ ስለ ኖራ ድንጋይ ያስረዳዋል። የመውጫ ጫማውን ከቦርሳው ውጪ አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው፤ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንጠልጥሎት ገብቶ፣ ሚስቱ አዳነች ከነጠላዋ ሥር ደብቃ አወጣችው።

ገመድ የሚይዝለት ሙሀይሚን ነው። ሙሀይሚን የደሴ ልጅ ነው፤ ከሀብተ ጊዮርጊስ አሥር ዓመት ያህል ያንሳል፤ ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር ስልክ የሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። የተዋወቁት ሀብተ ጊዮርጊስ ግድግዳ መሀል ላይ ተጣብቆ «እመቤቴ ድረሽልኝ» ሲል፣ ከታች አንድ ሰው ስለሳቀ ነው። መጀመሪያ ላይ ችግር የፈጠረባቸው መከባበር ነበር። ሙሀይሚን በአስተዳደጉ ታላቁን አንተ ብሎ አያውቅም። «ጋሼ፣ እባክዎ ግራ እግርዎን ትንሽ ከፍ ቢያደርጉት» ብሎ እስኪጨርስ ጋሼው ወድቋል። በኋላ ተስማሙ፤ ገመድ እስከታሰረ ድረስ አንተ፣ ገመዱ ሲፈታ አንቱ።

ይህ መውጣት የሚሉት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ገመዱ አስቀድሞ ከላይ ታስሮ ይጠብቃል፤ ወጪው እጁን ቢስት እዚያው እንደ ባልዲ ይንጠለጠላል እንጂ አይወድቅም። በሁለተኛው ወጪው ገመዱን ከታች እየጎተተ፣ ድንጋዩ ላይ በተቀበሩ የብረት ቀለበቶች እያያዘው ይሄዳል፤ እጁን ቢስት እስከ መጨረሻው ቀለበት ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ከቀለበቱ በታች ይወርዳል። ይህን ሊድ ማድረግ ይሉታል። ሀብተ ጊዮርጊስ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው፤ የሚወጣው ግን በአንደኛው ነው። ቀድሞ ወጥቶ ገመዱን ከላይ የሚያስርለት ሁልጊዜ ሙሀይሚን ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ ስለ ሊድ ሲያስተምር ኖላዊት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ፣ «ባት ዳድ፣ ዩ ኔቨር ሊድ» አለችው። አንተ እኮ አንድም ቀን አድርገኸው አታውቅም ማለቷ ነው። እሱም ምግብ ላይ ስልክ ነውር እንደሆነ ነገራት።

በክረምቱ ዝናብ፣ ሙሀይሚን ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ በበጋው መጀመሪያ አውሮፓ ሄደው እውነተኛ ድንጋይ ለመውጣት ወሰኑ። ሙሀይሚን የሰው ስልክ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ እንደዘረገፈ እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ይቺን ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ዘግቻት አላውቅም። ዘንድሮ እዘጋታለሁ። አገሩን እርስዎ ይምረጡ፤ ያጠኑት እርስዎ ነዎት። እዚያ ስንደርስ ግን አንድ ገደል፣ አንድ ብቻ፣ እርስዎ ሊድ ያደርጋሉ። ካላደረጉ ስንመለስ ሌላ ገመድ ያዥ እፈልጋለሁ። ዕድሜ ልኬን ቀድሜ እየወጣሁ መሰላል ስዘረጋ አልኖርም።»

ሀብተ ጊዮርጊስ «ኖ ፕሮብሌም» አለ። ማሰብ የጀመረው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሙሀይሚን ከተወው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን ይይዝለታል? ሁሉም ወጣት ነው፤ ሁሉም ሊድ ያደርጋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ወሬው ነው። ወሬው ከዋይት ሴንተር ተነሥቶ እስከ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይደርሳል፤ ስለ ኖራ ድንጋይ የተማሩት ሰዎች ሁሉ ዳቧቸውን ይዘው ይጠብቁታል።

ምርጫውን እንደ ትልቅ ጉዳይ ያዘው። የግሪኩን ደሴት በበጋ ፀሐዩ ድንጋዩን ምጣድ ያደርገዋል ብሎ ጣለው። የስፔኑንም በዚያው ምክንያት ጣለው። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ በፈረንሳይ ተራራ አናት ላይ ያለ፣ ከፍታው ስለሚያቀዘቅዘው በበጋ የሚወጣ ትልቅ ገደል፤ ሁለተኛው በጀርመን ከኑረምበርግ ከተማ በላይ ጫካ ውስጥ ተበታትነው ያሉ፣ የዛፍ ጥላ ያላቸው አጫጭር ገደሎች። እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም፤ ማንም አዋቂ ከዚህ የተሻለ አይመርጥም። ሙሀይሚን የፈረንሳዩን ገደል ፎቶ ስልኩ ፊት ላይ አድርጎ ይዞር ስለነበር ልቡ የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስም «ፈረንሳይ ነው፤ አለቀ» አለ።

አላለቀም። አንድ ቀን ሚኒባሱን ኤርፖርት በር ላይ አቁሞ እንግዳ ሲጠብቅ የዚያን ገደል ቪዲዮ አገኘ። አንድ ጎበዝ ወጣት ከቀለበት ቀለበት እየተጓዘ ነው፤ በቀለበቶቹ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ፎቅ ያህል ይሆናል። ወጣቱ እጁን ሳተ። ወደቀ፤ መውደቁን ቀጠለ፤ አሁን ያበቃል ሲባል ገና ይወድቃል። በመጨረሻ ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳቀ። ሀብተ ጊዮርጊስ አልሳቀም። የመጡት እንግዶች የሚኒባሱን መስታወት እስኪያንኳኩ ድረስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ፈረንሳይ እንከን በእንከን ሆነች። ገደሉ ሥር ለመድረስ አቀበቱ ብቻ አንድ ሰዓት ያስኬዳል፤ ውኃ በጀርባ ነው። ፈረንሳዮች በእንግሊዝኛ ሲያናግሯቸው ይኮራሉ። ዳቧቸው ጥርስ ይሰብራል። ሙሀይሚን ሁሉንም በትዕግሥት አዳምጦ ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠ፤ ውኃውን እኔ እሸከማለሁ እስከማለት ደረሰ። እንከን ሲያልቅበት ሀብተ ጊዮርጊስ አንድ ዘመድ ትዝ አለው።

የእናቱ ታናሽ እህት ወይዘሮ አዲስአለም በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ለብዙ ዘመን ኑረምበርግ የኖሩ ሴት ናቸው። ሀብተ ጊዮርጊስ በስንት ፋሲካ አንድ ጊዜ ነበር የሚደውልላቸው፤ ያን ሰሞን ግን ያለ በዓል ደወለ። ጤናቸውን ጠየቀ፤ ጉልበታቸውን ጠየቀ፤ እግረ መንገዱንም አውሮፓ ሊመጣ እንደሆነ፣ ግን ወደ ፈረንሳይ በኩል እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። ወይዘሮ አዲስአለም ማለት ያለባቸውን አሉ፤ አውሮፓ ድረስ መጥተህ ቤቴን ሳትረግጥ ከተመለስክ የእኅቴ ልጅ አይደለህም አሉ። እሱ የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ሙሀይሚን ሱቅ ፊቱን አጥቁሮ ገባ። አክስቱ መምጣቱን እንዴት እንደሆነ አይታወቅም ሰምተዋል፤ ተቀይመዋል፤ አልቅሰዋልም ለማለት ይቻላል። እሱ እንኳ ፈረንሳይ ፈረንሳይ እያለ ነበር፤ ግን ምን ይደረግ? ሙሀይሚን ለአቀበቱና ለውኃው መልስ ነበረው፤ ለአክስት ግን መልስ ያለው የደሴ ልጅ አልተወለደም። የያዘውን ትንሽ ብሎን መፍቻ አስቀመጠና «ዘመድ ካሉ ምን እላለሁ፤ ጀርመን ይሁን» አለ። ቀጥሎ ግን «ሊዱ ግን እንዳለ ነው» አለ።

ጀርመን ሊሄድ መሆኑ በተሰማ በሳምንቱ የሀብተ ጊዮርጊስ ቤት ፖስታ ቤት መሰለ። ፍራንክፈርት እኅት ያላት፣ ሙኒክ አማች ያለው፣ ኑረምበርግ ላለ ለጎረቤቱ ጎረቤት የሚልክ፣ ሁሉም «ትንሽ ናት፤ አታስቸግርህም» እያለ ያመጣል። ጣሳ ሙሉ ቫይታሚን መጣ፤ ስኒከር መጣ፤ ለጉልበት ሕመም የሚቀባ ነገር፣ የሕፃን ልብስ፣ አንድ ሙሉ ብርድ ልብስ መጣ። እምቢ ማለት አይቻልም፤ የሰው ዕቃ የማያደርስ ሰው ምን ሰው ይባላል። ሻንጣው ሲመዘን ከተፈቀደው በላይ ሆነ። አዳነች ቫይታሚኑን እንቀንስ ስትል እሱ ጥቂት አሰበና ገመዱን አወጣው። ሰባ ሜትር ገመድ ነው፤ ከባድ ነው። በምትኩ ብርድ ልብሱ ልክ ገባ። ገመዱን ጋራዥ ሲሰቅለው ልቡ ለምን እንደቀለለው ራሱን አልጠየቀም።

ሙሀይሚን ይህን ያወቀው ኑረምበርግ፣ ወይዘሮ አዲስአለም ሳሎን ውስጥ ነው። ሻንጣው ተከፍቶ የሰው አደራ በየተራ ሲወጣ ገመዱን ጠበቀ፤ ብርድ ልብሱ ወጣ፤ የሻንጣው ሆድ ታየ። ሀብተ ጊዮርጊስ ሚዛን እንዳስቸገረው፣ ገመድ እዚህም እንደማይጠፋ አስረዳ። ሙሀይሚን አልተቆጣም። «እሺ አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ» አለ ብቻ። ጋሼ መባሉ የቀረበት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበርና ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል። ሰኞ የሙኒኩ አማች ቫይታሚኑን ሊወስድ መጥቶ ካልጋበዝኩ አለ። ማክሰኞ ጎረቤት ጠራ፤ ረቡዕ የጎረቤት እኅት ጠራች። የአሜሪካ እንግዳ ተብሎ ከቤት ቤት ዞሩ። ተበላ፣ ፎቶ ተነሡ፤ በየቤቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ስለ ገደል አወጣጥ ተናገረ፤ በየቤቱም «አምላክ ይጠብቅህ» እየተባለ ተመረቀ። ኀዘኑ አንድ ብቻ ነበር፤ የሰኔ ጾም ገብቷል። ገደል ወጪ ሥጋ ካልበላ ጡንቻው ይበላል የሚል ነገር አንብቦ ነበርና ይህንኑ ለአክስቱ አስረዳ። እሳቸውም «ጡንቻህ የትኛው ነው?» ብለው ምስር ጨመሩለት። ለሙሀይሚን ግን ከቱርኩ ሥጋ ቤት ዶሮ አስመጥተው፣ በተለየ ድስት በየቀኑ ይሠሩለት ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ሽሮውን ይዞ ያንን ድስት እያየ ስንት ምሽት አሳለፈ።

ሙሀይሚን ከዶሮው በላይ የጠገበው ግብዣ ነው። አንድ ከሰዓት ሀብተ ጊዮርጊስ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል፣ ወይዘሮ አዲስአለም ሙሀይሚንን መስኮት ላይ ቆሞ ሲያዩት ምን ሆነህ አሉት። ሱቅህን ለምን ዘጋህ አሉት፤ ይህን ጊዜ ነገራቸው፤ ገመዱንም፣ ሊዱንም፣ ፈረንሳይንም። እርስዎ ስላለቀሱ ነው ጀርመን የመጣነው ሲላቸው ወይዘሮ አዲስአለም ጫማቸውን አደረጉ። ተያይዘው ከተማ ወጡና፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ከእንቅልፉ ሲነቃ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ገመድ እንደ ዘንዶ ተጠቅልሎ ጠበቀው።

በበነጋው ከጎረቤት በተዋሱት መኪና ወደ ጫካው ሄዱ። ወይዘሮ አዲስአለም የሚታጠፍ ወንበራቸውን፣ ጃንጥላቸውንና የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ፊት ተቀመጡ። ሀብተ ጊዮርጊስ አክስቱ ሲመጡ ደስ አለው። አክስት ባሉበት ማን ይወድቃል? ትንሽ ከፍ ሲል እሳቸው ይደነግጣሉ፤ ውረድ ይላሉ፤ ታላቅ ደግሞ አይጣስም።

ገደሉ ግራጫ ነው፤ ቁመቱ የአራት ፎቅ ቤት ያህል ቢሆን ነው፤ ዙሪያው ትልልቅ ዛፍ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ቀና ብሎ የመጀመሪያውን ቀለበት ፈለገ። ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ አልፎ አገኘው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ ሩቅ ነው። የዚያ አገር የድሮ ወጪዎች ቀለበት ማብዛት አይወዱም ነበር፤ ይህም በደንብ ተጽፏል። ስለ ግሪክም ስለ ስፔንም ያነበበው ሰው፣ አክስቱን ካገኘ በኋላ ማንበብ ስላቆመ ይህ አልደረሰውም።

ሙሀይሚን ገደሉ ላይ ካሉት የመውጫ መንገዶች ሁለት ሦስቱን በየተራ ወጣ። ያን ሳምንት ሲስቅ የታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ገመዱን ከላይ ስቦ አወረደና ጫፉን ለሀብተ ጊዮርጊስ ሰጠው፤ ከመንገዶቹ ሁሉ ቀላሉንም አሳየው። አጠገባቸው አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ጀርመናዊት ሴትዮ ያንኑ የመሰለ መንገድ ወጥተው ወርደው፣ ቁጭ ብለው ፖም መላጥ ጀምረዋል።

ሀብተ ጊዮርጊስ እጁን በነጭ ዱቄት አሸ፤ ደግሞ አሸ፤ ዱቄቱ ጫማው ላይ እስኪራገፍ ድረስ አሸ። ወጣ። አምስት ስድስት እርምጃ ያህል ሄደና ቆመ። ቀለበቱ ከራሱ በላይ ነው፤ እጁ ቢዘረጋ አይደርስም፤ ገመዱ ገና ምንም ላይ አልተያያዘም። ይህን ጊዜ ወደ ታች ዞሮ፣

«እትዬ፣ ፈሩ እንዴ? ከፈሩ ልውረድ» አለ።

ወይዘሮ አዲስአለም ጃንጥላቸውን አዘንብለው አዩት። «እኔ ምን ያስፈራኛል? እኔ ወንበር ላይ ነኝ» አሉ። ቀጠሉም፦ «ስማ ሀብቴ። አልቅሳ ከፈረንሳይ አስቀረችኝ ብለሃል አሉ። የደወልከው አንተ፤ የሰውን ልጅ ሱቅ አዘግተህ የእኔን ምስር ስትበላ የከረምከው አንተ። መውረድ ከፈለግክ በራስህ ስም ውረድ፤ በእኔ ስም እንዳትወርድ።»

ጀርመናዊቷ ሴትዮ ቋንቋውን ባያውቁም ፖም መላጣቸውን አቆሙ። ሙሀይሚን ገመዱን ይዞ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሀብተ ጊዮርጊስ ገደሉ ላይ እንደተጣበቀ የአክስቱን ቃል ሰማ፤ የሚጠለልበት ሌላ ሰው ፈለገ። አዳነች ሲያትል ናት። ኖላዊት እንኳን ልታስወርደው፣ ብታየው ቪዲዮ ታነሳዋለች። ከላይ ቀለበቱ አለ፤ ከታች ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም ጊዜ አላቸው።

«ቀኝ እግርህን ከፍ አድርግ» አለው ሙሀይሚን። ገመዱ ስለታሰረ አንተ ነው። «እዚያች ጉድጓድ ላይ። አዎ። አሁን ተነሥ።»

ተነሣ። ማሰሪያውን ከቀለበቱ ሲያገናኝ ብረቱን እንደ ቃጭል አስጮኸው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን መውጣት ለማለት ያስቸግራል። ከቀለበት ቀለበት እየተጎተተ ነው የሄደው፤ በየቀለበቱ «ያዘኝ» እያለ ገመዱ ላይ ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ያቃስታል፤ እመቤቴን ይጠራል፤ ይነሣል። ጀርመናዊቷ ሴትዮ ፖሙን በልተው፣ ሌላ መንገድ ወጥተው፣ ዕቃቸውን ሸክፈው ሄዱ። ወይዘሮ አዲስአለም ለሙሀይሚን አንድ ቁራጭ ዳቦ አጎረሱት፤ እጁ ገመድ ላይ ስለሆነ ራሱ መጉረስ አልቻለም። ፀሐይ ከዛፉ ሥር ዞራ ስትመጣ ሀብተ ጊዮርጊስ ጫፉ ላይ ደረሰ። እዚያ ምን እንደተሰማው ሲጠየቅ ዛሬ ብዙ ይናገራል። ያን ጊዜ ያለው ግን «አውርደኝ» ብቻ ነው።

መሬት ሲረግጥ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሙሀይሚን ጎንበስ ብሎ የመታጠቂያውን ቋጠሮ ፈታለት።

«ወጥተዋል» አለው። «ገመዱ ላይ ስለተቀመጡ ንጹሕ አይደለም፤ ሊድ ግን ነው። ጋሼ፣ ውኃ ይጠጡ።»

ሲያትል ከተመለሱ ወዲህ ያ ገደል እያደገ ነው። በመጀመሪያው እሑድ ስድስት ፎቅ ነበር፤ በሦስተኛው ስምንት ሆነ፤ ነፋስም ተጨመረበት። ሙሀይሚን ሲጠየቅ «ወጥቷል» ብሎ ያልፋል፤ ስለ ፎቁ አይናገርም። ሐሙስ ሐሙስ ሶዶው አዳራሽ ውስጥ ገመድ ይይዝለታል። አሁን ሀብተ ጊዮርጊስ ከሕፃናቱ ግድግዳ ቀጥሎ ባለው ላይ፣ በየቀለበቱ እየተቀመጠ፣ ሊድ ያደርጋል።

የሚመጣውን ዓመት አገር የመረጠው ሙሀይሚን ነው፤ ምርጫውም አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ፈረንሳይ ሲባል አልተከራከረም። ማታ ቤቱ ገብቶ ፈረንሳይ ውስጥ ማን ዘመድ እንዳለው በሐሳቡ ሲያገላብጥ፣ ማንንም ሳያገኝ ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ አዲስአለም ናቸው። ወሬውን ሙሀይሚን አድርሷቸዋል፤ አሁን እነሱ ሁለቱ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ፈረንሳይ በባቡር ቅርብ እንደሆነች፣ ጉልበታቸውም በተላከላቸው ቅባት እንደተሻለው ነገሩት። አቀበቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ሲላቸው ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ አሉት።

«እኔ ከሌለሁ ደግሞ በማን ስም ልትወርድ እንደሆነ አላውቅም» አሉና ስልኩን ዘጉ።

ሀብተ ጊዮርጊስ ያንን አቀበት አሰበ። ውኃውን ሙሀይሚን እሸከማለሁ ብሏል። ገመዱን የሚሸከመው ራሱ ሀብተ ጊዮርጊስ ነው። የአክስቱን ወንበር ማን እንደሚሸከመው መጠየቅ አላስፈለገውም።